ረይሀና ባነር ላይ የወጣች ዕለት

ረይሀና እንድሪስ እሪ በከንቱ ሰፈር ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ እዚያው የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ትኖር ነበር። ባሏ ሰላሀዲን የሞተው ልጃቸው ተስኒም ገና ድክ ድክ ስትል ነው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሷ፣ ልጇና ታናሽ ወንድሟ ኡመር ነበሩ። እኔ እሸቴ እባላለሁ። ፒያሳ ውስጥ ባነርና ቲሸርት አትማለሁ። ከረይሀና ጋር የተቀራረብነው በማኅበራችን ነው።

ማኅበሩ ማኅበር ይሁን ብሎ ያሰበው ሰው አልነበረም። አንድ ክረምት የእማማ ጥሩነሽ የጭቃ ግድግዳ ተደረመሰ። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ረይሀና በማግስቱ ጃንጥላዋን ይዛ የየቤቱን በር ማንኳኳት ጀመረች። የኔንም አንኳኳች። ሥራ እንዳለብኝ ስነግራት «እማማ ጥሩነሽም ዝናብ አለባቸው» ብላኝ ሄደች። ጫማዬን አጥልቄ ተከተልኳት። ሉልሰገድ የሚባል ለሳኝ ጭቃውን አቦካ፣ እኛ ቆርቆሮና እንጨት ተሸከምን፣ ግድግዳው ቆመ። በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ቤት አደስን። ከዚያ መስከረም ሲመጣ ለሌላቸው ልጆች ዩኒፎርም ማልበስ ተጨመረ። ከዚያ የታመመ ሰው ማሳከም መጣ። ስም ይውጣለት ሲባል «ደጅ ለደጅ» አልነው።

ገንዘብ የምናሰባስበው በዳቦ ጨረታ ነበር። አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ መሀል ላይ ይቀመጣል። አንዱ ተጫርቶ ይገዛውና «ለማኅበሩ መልሻለሁ» ይላል፤ ዳቦው እንደገና ይሸጣል። አጫራቿ ሁልጊዜ ረይሀና ነበረች። ሰው ስታሽሟጥጥ ለጉድ ነው። አንዱን ቆጣቢ ወርቅ ሻጭ «የኔ ጌታ፣ ይሄ ዳቦ እንጂ ወርቅ አይደለም፣ ሳትመዝን ግዛው» ብላ ግቢውን በሳቅ ስታፈርሰው አስታውሳለሁ። ማታ ላይ ዳቦው ተቆርሶ ለልጆች ይታደላል።

እንዲህ እያለች ስንቱን ካሳከመች በኋላ ራሷ ታመመች። ለማንም አልተናገረችም። በሳምንት ሁለት ቀን «መርካቶ ጨርቅ ልገዛ ነው» ብላ ትወጣለች፤ ተስኒምና ኡመር እንኳ ለወራት አምነዋት ነበር። ያገኛት ሉልሰገድ ነው። አንድ የግል ክሊኒክ ግድግዳ እንዲለስን ጠርቶት ባልዲውን ይዞ ሲገባ፣ ረይሀና የኩላሊት እጥበት ማሽን አጠገብ ተኝታ አያት።

«ረይሀና፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አንተስ ጋሽ ሉሌ?»

«እኔማ ግድግዳ ልለስን ነው።»

«እኔ ደግሞ ልታጠብ» አለችው።

አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ የተኛው ሰው ሳቀ። ሐጎስ ይባላል፤ የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ እሱም ኩላሊቱ ከሥራ ውጭ ሆኗል። ሉልሰገድ ግን መሳቅ አቃተው። ባልዲውን አስቀምጦ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ለማኅበሩ እንዳትናገር» አለችው።

«ለምን? ለስንቱ ለምነሽ የለም እንዴ?»

«ስለለመንኩ ነው። የሰው ፎቶ ይዤ ስንት ደጅ ቆሜያለሁ። ሰው እጁን ኪሱ እየከተተ እንኳ ፊቱን ያዞራል። ፎቶውን ማየት ይከብደዋል። ተስኒም በእናቷ ፎቶ ላይ ሰው ፊቱን ሲያዞር እንድታይ አልፈልግም።»

ሉልሰገድ ለማኅበሩ ባይናገርም ለኡመር ነገረው። ኡመር ያን ጊዜ ጫትም ሲጋራም የማይለየው፣ እህቱ ስትመክረው ሰምቶ የማይሰማ ሰው ነበር። ዜናውን በሰማበት ቀን ሲጋራውን ተወ። ጫቱንም ተከትሎ ተወው። ሄዶ ተመረመረና ኩላሊቱ ለእህቱ የሚሆን ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ ንቅለ ተከላው ውጭ አገር ቢደረግላት ይሻላል አሉ። ይህ ደግሞ እኛን የመሰለ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ወጪ አይደለም።

በዚያው ሰሞን ሰፈራችን ለልማት ተነሣ። አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዱ ገላን፣ አንዱ የት እንደሄደ ያልታወቀ ሆነ። ረይሀናም የስፌት ቤቷ ፈርሶ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባች። የስፌት መኪናዋን ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ተከለችው፤ ግን ዩኒፎርም የሚያሰፋ ጎረቤት ገና አላወቀችም። «ደጅ ለደጅ» የቴሌግራም ግሩፕ ብቻ ሆኖ ቀረ። የበዓል ቀን መልካም በዓል እንባባላለን፣ በቃ።

አንድ ቀን ተስኒም ማተሚያ ቤቴ መጣች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። የእናቷን ሕመም ነገረችኝና ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ፎቶዋን አሳየችኝ።

«ጋሽ እሸቴ፣ ይሄን በትልቁ አትምልኝ።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም። ትቆጣ። ብቻ በሕይወት ኖራ ትቆጣኝ።»

ሳይነገራት አላትምም ብዬ አብረን ወደ ቤታቸው ሄድን። ሉልሰገድም መጣ። ረይሀና እግሮቿ አባብጠው ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች። የመጣንበትን ነገርናት። ሰማችና ወደ ልጇ ዞረች።

«ሰው ፎቶዬን አይቶ ፊቱን ሲያዞርብሽ ምን ትያለሽ?»

«ወደሚቀጥለው ሰው እሄዳለሁ» አለች ተስኒም። «አንቺ እንደሱ ስታደርጊ አይቻለሁ።»

ረይሀና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ስትገልጠው ዓይኗ ቀልቷል። «እስቲ ፎቶውን አሳዩኝ» አለች። አየችው። «ይሄ የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ነው፤ ሰው ወንጀለኛ ልታስይዙ የወጣችሁ ነው የሚመስለው። የሰላሀዲን እህት ሠርግ ላይ የተነሣሁትን ፈልጊ።»

ባነሩን ያተምኩት በሠርጉ ፎቶ ነው። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ እየሳቀች።

የዳቦ ጨረታው ስድስት ኪሎ አካባቢ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ፣ እሑድ ጠዋት ሆነ። ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ከየዳርቻው ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ መጡ። እማማ ጥሩነሽ የጎረቤታቸውን ልጅ ክንድ ይዘው መጡ። ወርቅ ሻጩ መጣ። ተለያይተው የነበሩ ጎረቤቶች በሩ ላይ ተቃቅፈው ስለሚላቀሱ መግቢያው ተዘጋ። ረይሀና ከባነሩ በስተጀርባ ወንበር አስመጥታ ተቀመጠች፤ ፎቶዋን ላለማየት ይመስለኛል።

ሉልሰገድ ዳቦውን ማጫረት ጀመረ። ሁለት ዙር እንደሄደ ድምፁ ተቆረጠ። ማይኩን ይዞ መሬት መሬት ያያል። ያኔ ረይሀና ተነሥታ፣ በኡመር ተደግፋ መጣችና ማይኩን ከእጁ ወሰደች።

«ዳቦውን የጋገርኩት እኔ አይደለሁም» አለች፣ «ስለዚህ አትፍሩ፣ ይበላል።»

ሰው ሳቀ። ጨረታው እንደ ድሮው ሞቀ። በየዙሩ መጨረሻ የታማሚውን ስም መጥራት የኛ ልማድ ነው፤ ዳቦው ሲመለስ «ይህ ለእገሌ ነው» ይባላል። ወርቅ ሻጩ ከሁሉም አስበልጦ ገዝቶ ሲመልስላት «ይህ ለ…» ብላ ቆመች። አልወጣላትም። «ይህ ለተስኒም እናት ነው» አለች በመጨረሻ። ፊቱን ያዞረ ሰው አላየሁም።

የጎደለው ገንዘብ ሞላ። ቪዛው መጣ፣ ትኬቱ ተቆረጠ። ኡመር የምትሄዱበት አገር ይበርዳል ሲሉት ለእሷም ለራሱም ጃኬት ገዛ። ከመጓዛቸው በፊት ባለው ሳምንት ረይሀናን ትኩሳት ያዛት። ለእጥበቱ አንገቷ ሥር የገባው ቱቦ አመርቅዞ ደሟን በክሎት ነበር። ሆስፒታል አስተኟት። ኡመርን ጠርታ «እኔ ካልሆነልኝ ገንዘቡ ለሐጎስ ይሁን፤ ሚስቱ ልትሰጠው ተመርምራለች» አለችው።

«ዝም በይ» አላት። «ኩላሊቱ የኔ ነው፤ የምሰጠው ላንቺ ነው።»

«ኡመርዬ፣ ስለ ኩላሊቱ አይደለም የማወራው።»

ሐሙስ ጠዋት ሞተች።

ቀብሩ በወጉ መሠረት በዚያው ቀን ኮልፌ ተፈጸመ። ድሮ ቢሆን አንድ ሰው ሲጮህ እሪ በከንቱ ከላይ እስከ ታች ይሰማ ነበር። አሁን ወሬው በስልክ ነው የደረሰን፤ ግማሹ ሥራ ላይ፣ ግማሹ መንገድ ላይ ሆኖ። ለስንቱ ቤት ለሮጠች ሴት ጀናዛውን የተሸከምነው ጥቂቶች ነበርን። ሌሎቹ አንድ በአንድ ሲደርሱ አፈሩ ተመልሷል። እማማ ጥሩነሽ የመቃብሩ በር ላይ ከታክሲ ሲወርዱ አገኘናቸው። «አለቀ?» ብለው ጠየቁኝ። ክንዳቸውን ያዝኩ።

ገንዘቡን እንዳለችው ለሐጎስ ሰጠን። ኡመር በተሰበሰብንበት ፈረመና ወጣ። ስከተለው ግድግዳ ተደግፎ ጎኑን በእጁ ይዟል።

«አመመህ?» አልኩት።

«አላመመኝም» አለ። «ጤነኛ ነኝ። ሁለቱም ደህና ናቸው።» ከዚያ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሐጎስ ሄዶ፣ ታክሞ፣ ድኖ ተመለሰ። ፊቱ ሞልቶ፣ ቀለሙ ተመልሶ፣ ከሚስቱ ጋር ሊያመሰግን ወደ ተስኒም ቤት ሲመጣ እኔና ኡመርም ነበርን። ተስኒም ሻይ ቀዳችላቸው። ሐጎስ አጠገቡ በተኛችባቸው ወራት ረይሀና እንዴት ታስቀው እንደነበር ሊያወራ ጀመረና እንባው ቀደመው። ሚስቱም አለቀሰች። ተስኒም ብርጭቆውን እንደገና ሞላችለት፤ «ስኳር ይበቃዎታል?» አለችው፤ እስከ በሩ ሸኘቻቸው።

በሩን ዘግታ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች።

«በደንብ ድኗል፣ አይደል?» አለች።

«ድኗል» አላት ኡመር።

«ጥሩ። እንዳይቀየመኝ አድርጋችሁ ንገሩልኝ። ግን ሁለተኛ እንዳይመጣ።»