ኦኬዮ ጎጆ የወጣበት ዓመት

የአጎቴ ልጅ ኦኬዮ አናጢ ነው። ከኡሴንጌ ገበያ አንስቶ እስከ ሐይቁ ዳር ካሉት የቆርቆሮ ጣራዎች ግማሹን የመታው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጣራ ላይ ወጥቶ፣ ሚስማር በከንፈሩ ነክሶ ሲያንጎራጉር ከሩቅ ይታወቃል። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ ግን፣ እሱ ራሱ እስከ አርባ አምስት ዓመቱ የኖረው በአባቱ ግቢ በር አጠገብ፣ በጎረምሳነቱ ባቆማት አንዲት የጭቃ ጎጆ ውስጥ ነበር። ሚስት ያገባባት እሷው ናት፤ አራት ልጆች ያሳደገባትም እሷው ናት።

ቆርቆሮ አጥቶ አልነበረም። በእኛ በሉዎ ሰዎች ዘንድ ታናሽ ታላቁን ቀድሞ ጎጆ አይወጣም፤ ከአባቱ ግቢ ወጥቶ የራሱን ግቢ አይመሠርትም። ኦኬዮ ሁለት ወንድሞች አሉት። የመጨረሻው ሞምባሳ ወደብ ላይ ይሠራል፤ የአባትየው ግቢ የእሱ ድርሻ ስለሆነ የሚያስቸኩለው ነገር የለም። ነገሩን የያዘው ታላቁ ኦጎላ ነበር። ኦጎላ መጥቶ የራሱን ግቢ ሲመሠርት ኦኬዮ ይከተላል። ኦጎላ ደግሞ ናይሮቢ ገብቶ፣ ዋንጋሪ የምትባል የኪኩዩ ሴት አግብቶ፣ ሁለት ሴቶች ልጆች ወልዶ፣ "ዘንድሮስ እመጣለሁ" ማለት ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል።

ገበያ ላይ ይቀልዱበታል።

"ኦኬዮ፣ ሰማዩ ጠቁሯል! ልጆችህን ወደ ውጭ አውጣ፣ ከቤትህስ ደጁ ይሻላል!" ይሉታል ዓሣ ሻጮቹ።

"ምን ቸገረኝ፣" ይላቸዋል። "እናንተ ዓሣ ፍለጋ ሐይቅ ድረስ ትወርዳላችሁ፤ እኔ ግን ውሃው አልጋዬ ድረስ ያመጣልኛል።"

አብሯቸው ይስቃል። ሲሄድ ግን ትከሻው ወርዶ ነው የሚሄደው።

እናቱን፣ አሉዎች የሚባሉትን አሮጊት፣ የሚደፍራቸው የለም። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን አልደከመም። "እኔ በሕይወት እያለሁ ወንድምህን አትዘለውም፣" ይሉት ነበር። "ወንድሙን የዘለለ ሰው ልጁን ይቀብራል።"

አንድ ቀን፣ የትምህርት ቤታችንን ጣራ ሲጠግን፣ በእርግጥ ያምንበት እንደሆነ ጠየቅሁት። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ ነገር መጠየቅ እወዳለሁ። መዶሻውን አስቀመጠና ጥቂት አሰበ።

"ባላምንስ? አንዱ ልጄ ሳል ቢይዘው የእናቴ ዓይን ወዴት እንደሚዞር አውቃለሁ። የእኔም ዓይን ወደዚያው ይዞራል" አለኝ።

ከሁሉ የከበደው የበኩር ልጁ የኦዊቲ ነገር ነበር። የጎረመሰ ልጅ ከእናት አባቱ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ማደር ነውር ነው፤ በአባቱ ግቢ የራሱን ጎጆ መትከል አለበት። አባቱ ግን ገና ግቢ የለውም። ኦዊቲ ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ አንድ ሰሞን እኛ ቤት፣ አንድ ሰሞን ጎረቤት ወጥ ቤት እያደረ አደገ። ሃያ ዓመት ሲሞላው አንድ ጠዋት አባቱን ወደ ሥራ ሲሄድ መንገድ ላይ አቆመው።

"አባዬ፣ እኔ ጎጆዬን የት ልትከል?"

"ትንሽ ታገሥ ልጄ።"

"አንተም ታግሠህ ነው እንዲህ የሆንከው።"

ኦኬዮ አልተቆጣም። መጋዙን አንሥቶ መንገዱን ቀጠለ። በዚያው ወር ኦዊቲ ኪሱሙ ሄዶ የሞተር ብስክሌት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ተቀጠረ። እናቱን በተወለደችበት አገር ስም የኡጌኛ ልጅ እንላታለን፤ በቀላሉ የማታለቅስ ሴት ናት። እኔና ሚስቴ ልናጽናናት ብንሄድ፣ "ልጄን ያባረረው ድህነት ቢሆን አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ወረፋ ነው ያባረረው" አለችን።

ኦጎላ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለገና ነበር። በነጭ መኪና፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር። ልጆቹ ቋንቋችንን አይሰሙም፤ አያታቸው ሲያናግሯቸው አባታቸውን ያያሉ። ምሳ ከተበላ በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች ከማንጎው ሥር ተቀመጡ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ።

"የጭቃ ቤት ትሁን፣" አለ ኦኬዮ። "እኔ ራሴ በሁለት ቀን አቆምልሃለሁ። አንተ ከሚስትህ ጋር አንዲት ሌሊት ብቻ እደርባት።"

"እኔ እኮ ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ እነዚህን ነገሮች ትቻለሁ። ቤትህን ሥራ፣ ፈቅጄልሃለሁ።"

"አንተ ብትፈቅድ የእማዬን ሆድ ማን ያሳምንልኛል?"

ኦጎላ ሰዓቱን አየ። "ሰው ምን ይላል ኦኬዮ? ያ ሁሉ ዘመን ናይሮቢ ኖሮ የጭቃ ቤት ተከለ ይበሉኝ? እኔ ከሠራሁ በጡብ ነው የምሠራው። ዘንድሮ ይሆናል።"

በማግስቱ ሄዱ።

ኦዊቲ ኪሱሙ ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖት፣ በዋናው ዝናብ ወቅት፣ ከሐይቁ የተነሣ ነፋስ የኦኬዮን ጎጆ ጣራ ገነጠለው። የራሰው ግድግዳ ወደ ውስጥ ተደርምሶ የዘጠኝ ዓመቷን ልጁን ክንድ ሰበረው። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ልጅቷን ከጭቃው ስናወጣ፣ አሉዎች ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። ኦኬዮ ልጁን ሐኪም ቤት አሳክሞ ሲመለስ ስልኬን ለመነኝ።

"ዛሬ ወንድሜ ቁርጡን ይነግረኛል። ካልሆነ እማዬም ታልቅስ፣ እኔም የመጣውን እችላለሁ።"

ኦጎላ አላነሣም። በሦስተኛው ቀን ዋንጋሪ አነሣች። ስትናገር ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር።

"ዋርሳዬ፣ ይቅር በለኝ። ኦጎላ ከታመመ ወር አለፈው። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፣ አንደበቱም ተይዟል። ለቤተሰቤ አትንገሪ ብሎ አስምሎኝ ነው።"

ኦኬዮ ስልኩን መለሰልኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሊጣላ የተዘጋጀ ሰው የሚጣላው ሲያጣ እንዴት እንደሚሆን ያን ቀን አየሁ።

በማግስቱ በአውቶቡስ ናይሮቢ ሄደ፤ በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር። የሆነውን ሲመለስ ነገረኝ። ካዮሌ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በመጋረጃ የተከፈለች አንዲት ክፍል። ኦጎላ በመስኮቱ በኩል ተኝቷል፤ ጢሙ አድጓል። ዋንጋሪ ደረጃው ሥር ጎመንና ቲማቲም ትቸረችራለች። ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ከተዘጋ ስድስት ዓመት ሆኖታል። የገናዋ ነጭ መኪና የተዋሷት ነበረች።

"በየዓመቱ 'ዘንድሮ ሥራ አገኛለሁ፣ በጡብ እሠራለሁ' ይለኛል፣" ብላ ነገረችው ዋንጋሪ። "ባዶ እጄን እናቴ ፊት አልቆምም ይላል። እኔ እንሂድ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩት።"

ኦኬዮ ውሃ አሙቆ የወንድሙን ጢም ላጨው። ፊቱን ሲያደርቅለት ኦጎላ በተያዘ አንደበቱ፣ ቃሉን እየቆረጠ፣ "ቤቱ..." አለ።

"ቤቱን ተወው አሁን።"

"አልተወውም። ጭቃውን... ሥራልኝ። እመጣለሁ።"

ኦኬዮ ይህን ሲነግረኝ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። "ሃያ ዓመት በልቤ ሰድቤዋለሁ። እሱ ለካ እኔን ሲያይ ያፍር ነበር" አለ።

ቦታውን የመረጡት አባቴ ናቸው። የእነ ኦኬዮ አባት በሕይወት ስለሌሉ ያ ወግ በእሳቸው እጅ ነው። ከአባትየው ግቢ በስተምዕራብ፣ ውሃ የማይተኛበት ከፍታ ላይ ምልክት አደረጉ። ኦጎላ ዋንጋሪንና ልጆቹን አስከትሎ በመጣ ማግስት ከማለዳ ጀምሮ አሥራ አንድ ሰው ሆነን ቋሚ ተከልን፣ ሴቶቹ ጭቃ ረገጡ። ወጉ እንዲህ ነው፤ የበኩር ወንድ ልጅ መጥረቢያና አውራ ዶሮ ይይዛል፣ ሚስት እሳት ይዛ ትከተላለች። ኦጎላ ወንድ ልጅ የለውም። አባቴ አንገታቸውን ደፍተው አሰቡና የአሥራ ሰባት ዓመቷን ትልቋን ልጁን ጠሩ።

"ነይ አንቺ። ዶሮው የያዘው ማን እንደሆነ አይጠይቅም።"

ልጅቷ ስኒከሯን ጭቃ እያስነካች ያዘችው፤ ዶሮው ቧጨራት እንጂ አልለቀቀችውም። እሳቱ ላይ ግን ከአክስቶቻችን አንዷ፣ "የኪኩዩ ልጅ ናት የእኛን እሳት የምትይዘው?" ብላ አጉረመረመች።

አሉዎች ሰሟት። "ታዲያ አንቺ ይዘሽው ከልጄ ጋር ልታድሪ ነው?"

ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ዋንጋሪ መጀመሪያ አልገባትም ነበር፣ ሲተረጎምላት እሷም ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ። ፍሙን በሸክላ ይዛ ገባች። ኦጎላን ኦኬዮና እኔ ደግፈን አስገባነው። ደኅናውን እጁን እርጥቡ ግድግዳ ላይ አሳረፈና ቆየ።

ዋንጋሪ ዘጠኝ ቀን ተቀመጠች። በአሥረኛው ጠዋት ጓዟን አስራ ከኡጌኛ ልጅ ጋር በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው።

"እህቴ፣ ባሏን ጥላ ሄደች ይሉኛል።"

"ይበሉ። ልጆቹን የምታበያቸው አንቺ አይደለሽም? ትምህርት ቤታቸውስ ይቅር? እኛ እናየዋለን።"

ኦጎላ እዚሁ ቀረ። የኡጌኛ ልጅ ኡጋሊውን፣ የበቆሎውን ገንፎ፣ እየቆረሰች ታጎርሰዋለች፣ ኦኬዮ ጠዋት ጠዋት ደግፎ ያራምደዋል። ባል በሐይቁ ዳር፣ ሚስት በካዮሌ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በስልክ ይነጋገራሉ። አሉዎች ስልኩን እየተቀበሉ የልጅ ልጆቻቸውን ልጆቹ በማይሰሙት ቋንቋ ይመርቃሉ።

አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ የኦኬዮ ተራ ደረሰ። ኦዊቲ መጥረቢያውን ለመያዝ ከኪሱሙ በማለዳው አውቶቡስ መጣ፤ አሠሪው የፈቀደለት አንድ ቀን ብቻ ነበር። ያን ቀን ኦኬዮ የራሱን ጣራ ሲመታ እንደ ወትሮው አላንጎራጎረም። ሚስማሩን አንድ በአንድ፣ እያየ መታው። ከሰዓት በኋላ ሥራው ሲያልቅ ልጁን በአዲሱ ግቢ በር በስተግራ ወዳለው ቦታ ወሰደው። በእግሩ አራት ማዕዘን አሰመረ።

"ይህ ያንተ ነው።"

ኦዊቲ መስመሩን ሲያይ ቆየ። "አባዬ፣ ኪሱሙ ክፍል ተከራይቻለሁ። አብራኝ የምትኖር ሴት አለች። ልንወልድ ነው።"

"የማን ልጅ ናት?"

"ከሉህያ ነገድ ናት። ልብስ ትሰፋለች።"

"ይዘሃት ናና እዚህ ትከል። ቋሚውን እኔ አመጣለሁ።"

"ለምን ብዬ አባዬ? ሥራዬ እዚያ፣ ሥራዋ እዚያ። የሚያድርበት የሌለ ቤት ምን ያደርጋል? ለመጠየቅ እንመጣለን።"

ልጁ በክፋት አልነበረም የተናገረው። ኦኬዮም ይህን አውቋል መሰለኝ፣ አልተከራከረም። ትከሻውን መታ መታ አድርጎ እስከ አውቶቡሱ ሸኘው።

አሁን ኦኬዮ ባለ ሦስት ክፍል ቤት አለው፤ ዝናብ አይገባበትም። ኦዊቲ ከሴቲቱና ከሕፃኑ ጋር አንድ እሑድ መጥቶ፣ ምሳ በልተው ሄደዋል። በሩ በስተግራ ያለው ቦታ ባዶውን ሲቀር የኡጌኛ ልጅ ካሳቫ ልትተክልበት አስባ ነበር።

"ካሳቫ ዓመት ሙሉ መሬቱን ይይዛል፣" አላት ኦኬዮ። "ቶሎ የሚነቀል ነገር ትከይ።"

ስኳር ድንች ተከለችበት። እስከ ዛሬ ሁለት ጊዜ ቆፍረው በልተዋል።