ስቶፐር ያደረጉኝ ዓመት

ተከላካይ መሆን ምን ማለት ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ የማታውቀውን ሰው ላብ ሙሉ ጨዋታ ማሽተት ነው ብዬ እመልስለታለሁ። የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው። አጥቂ ሳለሁ ይህን አላውቅም ነበር። አጥቂ ከሰው ይሸሻል፣ ባዶ ቦታ ፈልጎ ይሮጣል፣ ነፋስ ይቀበላል። ተከላካይ ግን ሰው ፈልጎ ይለጠፋል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ትንፋሽ አንገቴ ላይ ሲያርፍ ቅፍፍ የሚለኝ ነኝ፤ አውቶቡስ ውስጥ ከመጋፋት በእግሬ መሄድ የምመርጥ።

ነገሩ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ሮተርዳም ውስጥ በአንድ ቴክኒክ ኮሌጅ ግንባታ እማር ነበር፤ የምኖረው ግን ዘሄግ፣ አንዲት ባልቴት ባከራዩኝ ጣሪያ ሥር ያለች ክፍል ውስጥ ነው። በሱዳን በኩል የመጣሁ ስደተኛ ነኝ። ቋንቋቸውን እንደነገሩ ተምሬ ኮሌጅ ስገባ የማውቀው ሰው አልነበረም፤ የሚያውቀኝም የለም። የሄድኩበት ቢሮ ሁሉ ማን ነህ፣ ከየት መጣህ፣ ለምን መጣህ ይለኛል። ይህን የማልጠየቅበት አንድ ቦታ አገኘሁ፤ የኮሌጁ እግር ኳስ ቡድን። በመጀመሪያው ልምምድ ሁለት ተከላካዮችን በአብዶ አልፌ በግራ እግሬ አገባሁ፤ በቃ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ አጥቂው እኔ ሆንኩ። አዲስ አበባም አጥቂ ነበርኩ። ከዚያ ሕይወቴ ሳይሰበር አብሮኝ የመጣ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀው ነበር።

ብርዱ ሲገባ ስቶፐራችን፣ የመሐል ተከላካዩ ማለቴ ነው፣ ጉልበቱን ተጎዳ። አሰልጣኛችን በኮሌጁ የእንጨት ሥራ ያስተምራል፤ ትምባሆውን ራሱ እየጠቀለለ የሚያጨስ፣ ጣቶቹ ቢጫ የሆኑ፣ ባወራ ቁጥር የትምባሆ ቅንጣት ከከንፈሩ እፍ የሚል ሰው ነው። በዚያ ቢጫ ጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ።

«ረጅም ነህ፤ ትሮጣለህ። ከኋላ ትገባለህ።»

«እኔ እኮ አጥቂ ነኝ» አልኩት።

«እስከ ፀደይ ብቻ ነው። የእሱ ጉልበት ሲድን ወደ ፊት ትመለሳለህ።»

ቃሉን እንደ ማተብ አንገቴ ላይ አሰርኩት። እስከ ፀደይ ችሎ ማለፍ ነው አልኩ።

የመጀመሪያው ጨዋታ አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት ነበር። እንድይዘው የታዘዝኩት ሰውዬ ቀይ ጠጉር ያለው ግንድ የሚያህል ተማሪ ነው። ከጨዋታው በፊት ከሜዳው አጠገብ ካለች ጋሪ ጥሬ ዓሣ በሽንኩርት ገዝቶ፣ ጭራውን ይዞ አንጋጦ ሲውጥ አይቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ አፍንጫዬ ማጅራቱ ላይ ዋለ። ያገሳል፣ ይተፋል፣ ከትፋቱም የሚበዛው ጫማዬ ላይ ያርፋል። አሰልጣኙ ዳኛው ሳያይ ማልያውን ከሥር ጨብጠህ ያዝ ብሎኛል። ጨበጥኩት። እርጥብ፣ ሙቅ፣ የሌላ ሰው ገላ የነካው ጨርቅ መዳፌ ላይ ተጣበቀ። ያንን እጄን ለብቻው አርቄ ይዤ ነው የተጫወትኩት፤ ያየኝ ሰው የተቃጠልኩ ይመስለዋል።

በዚህ ላይ ራሴን አዋረድኩ። ሰውዬው ኳስ ተቀብሎ ሲዞር ገጨሁትና ጭቃው ውስጥ በግንባሩ ተደፋ። እኔም «እኔን!» ብዬ ጎንበስ አልኩ። ምን ላድርግ? የወደቀ ሰው አይቶ ማን ዝም ብሎ ያልፋል? ብብቱን ይዤ ላነሳው ስታገል፣ ጭቃውን ከትከሻው ላይ ላራግፍለት ስል፣ ጓደኛው ኳሷን ይዞ በአጠገባችን አለፈና አገባት። ቀይ ጠጉሩ ሰውዬ እጄን ይዞ እንደ ተቀመጠ በሳቅ ፈነዳ። አመሰግናለሁ ብሎ ጉንጬን በጭቃማ እጁ መታ መታ አደረገኝ። ያን ጉንጬን አሁንም ድረስ ስላጨው ትዝ ይለኛል።

የባሰው ግን መታጠቢያ ቤቱ ነው። እነዚህ ሰዎች ከጨዋታ በኋላ ሁሉም ራቁታቸውን ሆነው አንድ ክፍል ውስጥ ይታጠባሉ። እፍረት የሚባል የለም። አንዱ የሌላውን ጀርባ በሳሙና ያሻል፣ አንዱ እዚያው የውሃ መውረጃው ላይ ይሸናል፣ ጠጉር እንደ ድር ወለሉ ላይ ይንሳፈፋል። ይህ ሁሉ ይቅር፤ በረኛችን መምህሬ ናቸው። ቡድኑ አስተማሪም ተማሪም የሚጫወትበት ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ራሰ በራ፣ ስለ ሸክምና ስለ ምሰሶ የሚያስተምሩኝ ሰው እርቃናቸውን ከፊቴ ቆመው ሆዳቸውን በሳሙና እያሹ፣ «ስለ ድልድዩ የሰጠኋችሁን ጥያቄ ሠራኸው?» ይሉኛል። የት ልይ? ጣሪያውን እያየሁ መልሱን ነገርኳቸው። እኔ የውስጥ ሱሪዬን እንዳደረግኩ ነው የምታጠበው፤ በዚያም ይስቁብኛል። በኋላ መታጠቡን እርግፍ አድርጌ ተውኩት። ከነጭቃዬ ባቡር ላይ ስወጣ አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች ይነሳሉ። ቆሻሻው እኔ ሆንኩ ማለት ነው።

መምህሬ ከኋላዬ በረኛ መሆናቸው ሌላም ጣጣ አመጣ። አሰልጣኙ ከዳር ሆኖ ነጋ ጠባ የሚጮኸው አንድ ቃል ነበር፤ «ፕራተን!» ተናገር ማለቱ ነው። ስቶፐር ያዛል። አንተ ወደ ግራ፣ አንተ ያዘው፣ ለበረኛው ደግሞ ውጣ ወይም ቁም። ታላቅ ታናሽ የለም፤ አስተማሪ ተማሪ የለም። ጮክ ብሎ ማዘዝ ነው። እኔ ባደግኩበት ቤት መምህር ሲመጣ ከመቀመጫ ይነሳል፤ በመንገድ ሲያልፍ ጥግ ተይዞ ይቆማል። «ውጣ» ብዬ የምጮህበት አንደበት ከየት ይምጣ? ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው። እዚያ አገር ግን ይነቅዛል።

አንድ ቅዳሜ ኳሷ ከሰማይ ወደ መሐላችን መጣች። መምህሬ ከእኔ ቃል ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ ቀድሜያቸው መሄዱ ነውር መስሎኝ ዞር ብዬ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ መንገድ ለቀቅኩላቸው። በእጄም ይለፉ የሚል ምልክት ሳላሳይ አልቀረሁም። ኳሷ በሁለታችን መካከል ነጥራ ገባች። ሜዳው ዳር ያሉት ተማሪዎች ጎንበስ ማለቴን እየደጋገሙ ያሳዩኝ ጀመር፤ ለሳምንታት ምሳ ቤት ስገባ ይሰግዱልኝ ነበር።

አሰልጣኙ አልሳቀም። «የማይናገር ሰው ከኋላም ከፊትም አያስፈልገኝም። በሚቀጥለው ዝም ካልክ ማልያውን መልስ» አለኝ። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ፤ ወደ ፊት ለመመለስ ከኋላ መሰንበት አለብኝ፤ ከኋላ ለመሰንበት መምህሬ ላይ መጮህ አለብኝ።

ዘሄግ ባሕሩ ቅርብ ነው። በዚያ ክረምት ወደ ባሕሩ ዳር እየሄድኩ ብቻዬን ጩኸት ተለማመድኩ። ውጣ! ቁም! ያዘው! ነፋሱ ድምፄን አፌ ውስጥ ይመልሰዋል። አንዲት ውሻ የምታናፍስ ሴት ጠጋ ብላ ደህና ነህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እግር ኳስ ነው አልኳት። ያላመነችኝ ይመስለኛል።

በሚቀጥለው ጨዋታ ኳሷ እንደገና ከሰማይ መጣች። ዓይኔን ጨፍኜ በቋንቋቸው «ውጣ! ውጣ እንጂ፣ አንተ ሰነፍ!» ብዬ ጮኽኩ። ሰነፍ የምትለዋ ከየት እንደመጣች አላውቅም፤ ባሕሩ ላይ አልተለማመድኳትም። መምህሬ ዘለው ወጥተው ኳሷን በቡጢ አራቋት። ከዚያ ዞር ብለው ፊታቸው እንደ ልጅ በርቶ፣ «በመጨረሻ!» አሉ። ተደሰቱ! ሰኞ ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ እየጻፉ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ቢቆጡኝ፣ ፈተና ላይ ቢጥሉኝ ይሻለኝ ነበር። አፌ ውስጥ የገባብኝ መራራ ነገር እሳቸውን አስደሰታቸው፤ ይህ ነው ያንገሸገሸኝ።

ሰው ግን የማይለምደው የለም። ከዚያ ወዲህ አፌ ተፈታ። ክረምቱን ሙሉ ጮኽኩ። ክርን መስጠት፣ ታኬታ መርገጥ፣ ማልያ መጨበጥ ሁሉ ገባኝ፤ የወደቀውንም ረግጬው ባላልፍም ዘልዬው አልፍ ጀመር። የሰው ላብ መሽተቱ ቀረ ማለት አይደለም፤ ይሸተኛል፣ ግን ከራሴው መለየት አቃተኝ። ጓደኞቼ ጎበዝ ይሉኛል። እኔ ማታ ማታ እጄን ደጋግሜ እታጠባለሁ።

ፀደይ ደረሰ። የተጎዳው ስቶፐራችን ጉልበት ዳነ፤ ሲሮጥም አየሁት። አሰልጣኙ ጋ ሄድኩ።

«ጉልበቱ ድኗል። ወደ ፊት እመለሳለሁ» አልኩት።

ትምባሆውን ጠቅልሎ፣ ወረቀቱን በምላሱ አረሰ። «እሱ ተጠባባቂ ይሆናል» አለ። «እንዳንተ የሚጮህ ስቶፐር ይዤ ወደ ፊት የምሰድ እብድ ነኝ?»

«እኔ ቦታውን አልወደውም።»

«ማን ይወደዋል?» አለና ሳቀ። የትምባሆ ቅንጣቷ ደረቴ ላይ አረፈች። ትቼው ወጣሁ። ባቡሩ ላይ አለቀስኩ፤ ላቤን የምጠርግ መስዬ።

አንድ ተስፋ ቀርቶኝ ነበር። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት የአገራችን ሰዎች አምስተርዳም፣ ቢልመር የሚባል ሰፈር እንሰበሰባለን፤ ግዙፍ ፎቆች መሐል ካለው ሣር ላይ። የአምስተርዳሞቹ በአንድ ወገን፣ የዘሄግና የሮተርዳም ሰዎች በሌላ ወገን ሆነን እንጫወታለን። የት ነው የምትገባው ሲሉኝ ጥያቄው ሳያልቅ «አጥቂ!» አልኩ። ማንም አልከለከለኝም።

በረኛችን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ። ኤርትራዊ ናቸው፤ አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ኖረው አማርኛቸው ከእኛ ይበልጥ ነበር፤ ያኔ የሮተርዳም ወደብ መጋዘን ውስጥ ይሠሩ ነበር። ከሁላችንም ሃያ ዓመት ይበልጡናል። እሳቸውን ማስቀረት ነውር፣ ማሯሯጥ ደግሞ የባሰ ነውር ሆነብንና ጎል ላይ አቆምናቸው፤ ከጎሉ አጠገብ ወንበር አደረግንላቸው። ኳሷ ስትርቅ ይቀመጣሉ። ስትቀርብ አንዱ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ መጣች መሰለኝ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ኮታቸውን አስተካክለው ይነሳሉ። የአምስተርዳሞቹም እስኪነሱ ድረስ አይመቱም። እንዲህ ነበር ጨዋታችን።

እኔ ያን ቀን በረርኩ። አብዶ ሠራሁ፣ ከሰው ሸሸሁ፣ አንድ አገባሁ። ደስ አለኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ አለኝ! አንድ ለዜሮ እየመራን ሊያልቅ ሲል አንድ የአምስተርዳም ልጅ ረጅም ኳስ ላከ። እኔ ወዲያ ማዶ፣ ከፊት ነበርኩ። እንዴት ወደ ኋላ እንደሮጥኩ አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት ጎላችን ፊት፣ የአንዱን ልጅ ማልያ ከሥር ጨብጬ ነው። ኳሷ ከሰማይ እየወረደች ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«ውጣ! ምን ይጎልትሃል! ውጣ እንጂ!»

ጋሼ ከወንበራቸው ተፈናጥረው ወጡ፤ ኳሷን አቅፈው ወደቁ። ያጨበጨበ የለም። ዳር የነበሩት ሴቶች እንኳ ወሬያቸውን አቋረጡ። የያዝኩትን ማልያ ለቅቄ ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። አፌ ነው፣ አፌ ነው» አልኩ።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢመቱኝ ብዬም ተመኘሁ። እሳቸው ኮታቸው ላይ የተለጠፈውን ጭቃ በጥፍራቸው እየፋቁ፣ «ምን አጠፋህ ልጄ?» አሉኝ። «ወደቡ ላይ እንዲሁ ነው የሚጠሩኝ። ካንተ የሚያንሱ ልጆች ናቸው የሚጮኹብኝ። ለምጄዋለሁ። ደግሞ ልክ ነህ፣ ቀደም ብዬ መውጣት ነበረብኝ።»

ጨዋታው ቀጠለ። ከፊት ያለው ቦታዬ ባዶ ነበር፤ ማንም ተመለስ አላለኝም፤ እኔም አልሄድኩም። ጋሼ ከዚያ ወዲያ ወንበሩ ላይ አልተቀመጡም። ጎሉ መሐል ቆመው፣ እጃቸውን አጣምረው እኔን ያዩ ነበር፤ ቀጥሎ ምን እንደማዛቸው ለመስማት።