ጨው ውሃ አያፈላም
ውሃ ማፍላት ምን ሙያ አለው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እኔን ግን አብሳይ ያደረገኝ ውሃ ማፍላት ነው፤ ብኮራበት ማን ይከለክለኛል?

አዳማ ውስጥ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ምሳ በሚበሉበት ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቃ አጠብኩ። ምኞቴ ማብሰል ነበር። ዋናው አብሳይ የአቦምሳ ሰው፣ በሙያቸው የተከበሩ አዛውንት ነበሩ። የማካሮኒ ውሃ ቶሎ እንዲፈላላቸው ብለው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ጨው ይጨምሩበታል። ያልሟሟው ጨው ሥር ተቀምጦ ድስቱን ይበላዋል፤ ጠባሳውን የምፈገፍገው ደግሞ እኔ ነኝ። ጨው ያለቀ ቀን ውሃው በተለመደው ሰዓት ሲፈላም አይቻለሁ።

አንድ ቀን ረዳታቸው ሥራ ለቀቀና ድስት እንድጥድ አዘዙኝ። ዕድሌ መጣ ብዬ ደስ አለኝ። ጨው አለመጨመሬን ሲያዩ ግን ምሳ ልታዘገዪብኝ ነው ብለው ወደ ዕቃ አጠባዬ እንድመለስ ነገሩኝ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ ጨው ውሃ አያፈላም አልኳቸው። እሳቸውም የሞቀው ውሃ ላይ አንድ እፍኝ ጨው በተኑበት። ውሃው አረፋ ደፍቆ ተነሳ።

«ይኸው ፈላ» አሉ።

«ጋሼ፣ ገነፈለ እንጂ አልፈላም። ትንሽ ይጠብቁ።»

አረፋው ወዲያው ከሰመ። እንግዲያው ይለይልን ተባብለን ሁለት እኩል ድስት ውስጥ በአንድ ጆግ እየለካን ቀዝቃዛ ውሃ ሞላን፤ ጨው ያለው በአንዱ ብቻ ነው። ቀድሞ የፈላው ጨው ያለው ሆነ! ጎንበስ ብዬ ሳይ ግን የእሱ ምድጃ እሳት ይበረታል። ምድጃ አቀያይረን በአዲስ ውሃ እንድገመው ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ ማለት ይችሉ ነበር፤ «ቶሌ» አሉና እሺታቸውን ሰጡኝ።

በሁለተኛው ጨው የሌለው ቀደመ። ነገሩ የእሳቱ ነበር። ጨው ያዘገየ እንደሆነም ለዓይን የሚታይ አይደለም።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ሁለቱንም እሳት አጠፉ። የተቆጡ መስሎኝ ፈራሁና ሄጄ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። ከኋላዬ መጥተው ቧንቧውን ዘጉት።

«እጅሽን አድርቂ» አሉኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ድስቱ ያንቺ ነው።»

የዚያን ቀን ምሳ ዘገየ። ያዘገየሁት እኔ ነኝ፤ ያበሰልኩትም እኔ ነኝ።