የሰይድ ማሽላ

እህል መጋዘን ሥራ የጀመርኩ ቀን ኃላፊዬ በሩ ላይ አቁመው፣ «ገና አትግባ፤ መጀመሪያ አሽትት» አሉኝ። ነቀዝ ከመታየቱ በፊት ይሸታል። ሚዛኑን፣ ካርኒውንና ቁልፉን ያስረከቡኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ጡረታ እስክወጣ እዚያው ከሚሴ ሠራሁ። ባልደረቦቼ «ታደሰ ያለ ካርኒ አያስነጥስም» ይሉኝ ነበር።

ሰይድ በዚያ መጋዘን ጆንያ ተሸካሚ ነበር፤ የልብ ጓደኛዬ። በኋላ ጅዳ ሄደና ጨፋ ያለውን የእርሻ መሬት በእኔ እጅ ተወልኝ። ለአራሚዎች እከፍላለሁ፤ ማሽላውን ተረክቤ በተከራየሁለት ቤት አስቀምጣለሁ፤ ዋጋው ጥሩ ሲሆን ሸጬ ባንክ አስገባለታለሁ። በስልክ ስንነጋገር መዝጊያው ሁሌ አንድ ነው፦ «ታዴ፣ አማና ነው።» አደራ ማለቱ ነው።

ጦርነቱ የመጣው ሠላሳ ኩንታል አስገብቼ በቆለፍኩ ሰሞን ነው። ስልክ ጠፋ፤ ባንክ ተዘጋ። ከተማው በተፈናቃይ ሞላ። የሰፈራችን ሸህ ዘንድ ሄድኩ።

«ሸህዬ፣ የሰይድን ማሽላ ምን ላድርገው?»

«አስረኛው ዘካ ነው፣ የሚስኪን ሐቅ። አውጣው» አሉኝ። «የቀረው አማና ነው። እሱን ባለቤቱ ይወቀው።»

ሦስት ኩንታል መዝኜ በጣሳ አደልኩ። በሁለት ቀን አለቀ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንዲት ሴት ሁለት ልጆች ይዛ መጣች።

«አባኮ፣ አንድ ጣሳ ብቻ።»

«አልቋል።»

በትከሻዬ አሻግራ የተደረደረውን ጆንያ አየች። «ያስ?»

«የሰው ነው።»

«እኛስ የማን ነን?»

አደራ በላ መባልን ከሞት አብልጬ እፈራለሁ፤ ቆለፍኩ። ከቤቴ ዱቄት ላመጣላት ሄጄ ስመለስ የለችም። እስከ መናኸሪያው ፈለግኳት፤ አጣኋት።

ስልክ ተመልሶ ሰይድን ያገኘሁት ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። «ሃያ ሰባት ኩንታል አለህ፤ አንድ ኪሎ አልጎደለም» ስለው ደረቴን ነፍቼ ነበር።

«ሰው እየተራበ፣ ታዴ?»

«አማና ነው አላልከኝም?»

«ብዬሃለሁ። ወላሂ አንተን አልወቅስም፤ ለተራበ እንድትሰጥ ሳልነግርህ የቀረሁት እኔ ነኝ» ብሎ አለቀሰ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ በሰይድ ፈቃድ ቤቱን ከፍቼ አደልኩ። ከተሰለፉት መካከል ያቺን ሴት ፈለግኳት፤ አልነበረችም።

የሩቅ ሰው ንብረት የምትይዙ ሁሉ፣ ስልኩ በሚሠራበት ቀን ባለቤቱን ጠይቁት። ስለ ዋጋው ብቻ አይደለም፤ ሰው ደጃችሁ ላይ ቢራብ ምን እንድታደርጉ እንደሚፈልግ ጠይቁት። እኔ አልጠየቅኩም።