ሁለተኛውን ሰርቨር ያስገባው ሰው

አቶ ነስሩ ማረፋቸውን የሰማሁት ሰኞ ጠዋት፣ ቡታጅራ በምሠራበት ክሊኒክ ካርድ ክፍል ሆኜ ነው። «እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አልቻልኩም። ለሚያውቋቸው ሁሉ የምናገረው አንድ ነገር አለኝ።

አቶ ነስሩ ወልቂጤ ተቀምጠው በየከተማው ኮምፒውተር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። የክሊኒካችንንም በሊኑክስ ሥርዓት የሚሠራ ኮምፒውተር ያቆሙልን እሳቸው ናቸው። ሐኪሞቹ የላቦራቶሪ ውጤት በየክፍላቸው የሚያዩት በእሱ ላይ በተጫነው ዌብ ሰርቨር፣ ማለትም ገጹን በሚያቀርበው ፕሮግራም ነበር።

ከኮምፒውተር ሥልጠና ስመለስ ልሞክር ብዬ ሌላ ዌብ ሰርቨር ጫንኩበት። ማንንም አላስፈቀድኩም። አልነሳም ሲለኝ ተውኩት። በሳምንቱ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አዲሱ ቀድሞ ተነሳ። ውጤት ሲፈለግ ገጹ «እንኳን ደህና መጡ» ብቻ ይላል። ሐኪሞቹ ይጮኻሉ፤ አግዳሚው በበሽተኛ ሞልቷል። ባለቤቴ ያን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ስለነበር የልጆቼ እንጀራ በእኔ ደመወዝ ነበር። ለአቶ ነስሩ ደወልኩላቸው።

«ሰማንያውን ማን ነው የያዘው?» አሉኝ።

«ባለቤቴ። ሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል። ምን ያደርግልዎታል?»

ሳቃቸው ጆሮዬን ሞላው። «ኧረ እህቴ፣ የጋብቻ ውልሽን ማን ጠየቀሽ! የበር ቁጥር ነው የምልሽ። ገጹን የሚፈልግ ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው በሰማንያ ቁጥር በር ነው። በሩን መያዝ የሚችለው ደግሞ አንድ ሰርቨር ብቻ ነው። መጣሁ፤ ምንም እንዳትደመስሺ።»

ጫማቸው ጭቃ እንደለበሰ ደረሱ። በሮቹ በማን እንደተያዙ አስዘርዝረው አዩ፤ የኮምፒውተሩን መዝገብ ወደ ኋላ አነበቡ። አዲሱን ያስገባው ሰው ስም እዚያ ላይ ነበር። የእኔ ስም። ቀና ብለው አላዩኝም። አዲሱን አስቆሙ፤ በራሱ እንዳይነሳ ከለከሉት፤ የቀድሞውን አስነሱ። ውጤቱ ሲወጣ የቀረበላቸውን ውሃ ሳይቀምሱ «በይ፣ ብዙ የጠበቁትን አስቀድመሽ ጥሪ» አሉኝ። አመሻሹ ላይ ኮምፒውተሩን አጥፍተው መልሰው አበሩት። «ተኝቶ ካልተነሳ ዳነ አይባልም» ይሉ ነበር። ካርድ ክፍሉን ለሶላት ለቀቅኩላቸው።

ሊሄዱ ሲሉ ሥራ አስኪያጁ መጡ። «ሁለተኛውን ማን አስገባው?»

«ያስገባው ሰው ራሱ ይንገርዎት። እኔ የመጣሁት ላስታርቃቸው ነው።»

ዝም አልኩ።

እሳቸው እንደወጡ «ሊያስከፍለን ራሱ አስገብቶ ራሱ አወጣ!» ተብሎ ተሳቀ። ያኔም ዝም አልኩ። ክሊኒኩ ዳግመኛ አልጠራቸውም።

ከወራት በኋላ መናኸሪያ አገኘኋቸው። ሐሜቱ ደርሷቸው ነበር።

«ልጆች ደህና ናቸው?»

«ደህና፣ ይመስገነው። አቶ ነስሩ፣ ያ ነገር…»

ረዳቱ «ወልቂጤ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል።

«ሂጂ፣ ሥራ እንዳይረፍድብሽ። የምትናገሪበትን ቀን አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው ገቡ።

ለንስሐ አባቴ ነገርኩ። «ለእኔ ነገርሽኝ፤ ለእነሱስ?» አሉኝ። ዛሬ ነገ ስል አቶ ነስሩ ቀደሙኝ።

ማክሰኞ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሜ ተናገርኩ። «ይህን ሁሉ ጊዜ በሰው ስም ተከልለሽ?» አሉኝ። ውሳኔያቸውን ገና አልሰማሁም። እናንተም በክሊኒካችን ስማቸውን ያነሳችሁ ሁሉ ስሙኝ፦ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

አቶ ነስሩ፣ ለቅሶ ቤትዎ ደርሼ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ለባለቤትዎም ስሜን ነገርኳቸው። «ማን እንደሆነ ለእኔ እንኳ አልነገረኝም» ብለው እጄን ያዙ። እኔ ነበርኩ መያዝ የነበረብኝ። ልጆቼ በእርስዎ ዝምታ አደጉ። የእኔ ዝምታ ግን እርስዎን አስወቀሰ። ይቅር ይበሉኝ። አምላክ ዋጋዎን ይክፈልዎት። በሰላም ይረፉ።

አስካለ፣ ከካርድ ክፍል