ዝናብ ሲመጣ የሚጮኸው የጭስ ደወል

አሰገደች የመብራት ሽቦ ዘርጊ ናት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤቱ ሲያንሳት፣ የወፍጮ ቤት ሞተረኛ የነበሩት አባቷ ኃይለጊዮርጊስ «እንግዲያው ፒንሳውን ያዥ» አሏት፤ ያዘችው። ያገባችውም ከነፒንሳዋ ነው። ባሏ ጆቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ዛሬ ጊምቢ ነገ አሶሳ። «ሚስትህ እኮ መሰላል ላይ ትወጣለች» ሲሉት፣ «እኔ መኪና ላይ፣ እሷ መሰላል ላይ፤ ልጃችን ምን ላይ እንደምትወጣ እናያለን» ብሎ ይስቃል።

ቤታቸው ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ የሚባለው ሰፈር ነው። በአንድ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ሦስት የቀበሌ ቤቶች ተደርድረዋል፤ በአንዱ ዳር ባለሱቁ ረዲ፣ መሃል አሰገደች፣ በወዲያኛው ዳር የጎጃሟ እትዬ ምንትዋብ። ግድግዳ ይለያቸዋል እንጂ ከላይ አንድ ናቸው፤ ግድግዳው ጣራው ድረስ አይደርስም፣ ኮርኒሱም አቡጀዲ ነው። እሳት አንድ ቀን አቡጀዲውን ካገኘው የእኔ ቤት የአንተ ቤት የለም፣ ሦስቱም አብረው ይሄዳሉ። አሰገደች ሕፃን ልጇን በዛብሽን ባስተኛች ቁጥር ዓይኗ ሽቅብ ወደዚያ አቡጀዲ ነበር።

ታዲያ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ውሉን ጨርሶ ሲሄድ፣ ቤቱ ውስጥ እሷው የገጠመችለትን ሦስት ክብ ዕቃዎች ፈትታ እንድትወስድ ነገራት። ጭስ ሲሸታቸው የሚጮሁ፣ ኃይላቸውን ከቆጣሪው የሚያገኙ ደወሎች ናቸው። በበጋው በየቤቱ አንዳንድ ሰቀለች። አቡጀዲውን በትንሹ ቀድዳ ከጣራው እንጨት ጋር አሰረቻቸው፤ ከታችም ይነሣ ከላይ፣ ጭስ እዚያ መድረሱ አይቀርም። አምፖል ሲጠፋ አብረው እንዳይተኙ መስመራቸውን ከማብሪያ ማጥፊያው በፊት ሳበችው። ሦስቱንም በአንድ ሽቦ አያያዘቻቸው፤ አንዱ ሲሸተው ሁሉም ይጮሃሉ፣ የሸተተው ግን የቱ እንደሆነ ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለች ትናገራለች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ታፋ ወሬውን ሰምተው መጡ፤ አይተውም ወደዱት። «ጋሪ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ኢንታላ» አሏት፤ በኦሮምኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው። «ለመስከረም የሕፃናት ማቆያ እንከፍታለን። የዚያን ቤት መብራት አንቺ ትዘረጊያለሽ።»

የአሰገደች ደስታ ልክ አልነበረውም። እስከዚያ የሠራችው ሁሉ የዘመድና የጎረቤት ቤት ነው፤ ቀበሌ ሥራ ሰጣት ማለት ግን ከተማው በሙሉ ሙያዋን አመነላት ማለት ነው። በዚያ ላይ በዛብሽም እዚያው ልትውል ነው።

ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ ደወሉም አመል አወጣ።

የወለጋ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ጠብቆ ይጮሃል። ረዲ ሚዛኑን ጥሎ፣ አሰገደች ልጇን ታቅፋ ደጅ ይወጣሉ። እሳት የለም፣ ጭስ የለም፣ ሰማዩ ብቻ ነው። ብልጭ ድርግም የምትለዋ ቀይ መብራት ሁልጊዜ የእትዬ ምንትዋብ ናት።

«እትዬ፣ ምን አቃጠሉ?»

«ምን አለኝና ነው የማቃጥለው? ከሰሌ ከጠዋት ጀምሮ አልተያያዘ።»

«እስቲ ገብቼ ልየው።»

«ምኑን ነው የምታዪው? ቤቴ አልተጠረገም። ዕቃሽ ሲጮህ ሰንብቶ ሲደክመው ዝም ይላል።»

ረዲ መሳቅ ያዘ። «አሰገዱ፣ ፈረንጁ ዋሽቶሻል። ይህ ዕቃ የሚሸተው ጭስ አይደለም፣ ዝናብ ነው። ሬዲዮ ጣቢያ ብትወስጂው የአየር ጠባይ ይነግርልሻል።»

ሰፈሩ ቀልዱን ተቀባበለው። ገበያ ውስጥ የማያውቋት ሰዎች ሳይቀሩ «ዛሬ ይዘንባል ወይ?» ይሏት ጀመር። አሰገደችም ትስቃለች፤ በልቧ ግን መገጣጠሚያው ውሃ አስገብቶ ይሆን እያለች ትብሰለሰላለች። ደርሳ እንዳታየው እትዬ ምንትዋብ በሩን እንደ ግምጃ ቤት ይጠብቃሉ። ሴትዮዋ ወትሮ በዛብሽን ሲይዙላት የሚውሉ፣ ከጉርሻቸው የማይለዩዋት ነበሩ። ምን እንዳስቀየመቻቸው አልገባትም።

ነሐሴ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ወረደ፤ ደወሉም ጮኸ። በዚያው ቅጽበት ጓድ ታፋ አንድ ጠመንጃ ያነገተ ጥበቃ አስከትለው በመንገዱ ሲያልፉ ነበሩ። ዘው ብለው ገቡ።

«አካም ኦልተን፣ እንዴት ዋላችሁ! የት ነው የሚቃጠለው?»

«የትም አይደለም ጓድ» አለ ረዲ። «ዘነበ ማለት ነው።»

ጓድ ታፋ አልሳቁም። ቀይ መብራቷን አይተው በቀጥታ እትዬ ምንትዋብ ቤት ገብተው ወደ ኮርኒሱ አንጋጠጡ። ጥበቃውም አንጋጠጠና «ጓድ፣ ምናልባት ከላይ ሰው ይኖር ይሆን?» አለ።

ያን ክረምት ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚታፈስበት ጊዜ ነበር። አሰገደች ዞር ስትል እትዬ ምንትዋብ የበሩን መቃን ይዘው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው አመድ መስሏል። እስከዚያ ያልገባት ያን ጊዜ ሊገባት ጀመረ።

«ቱሪ ጓድ፣ ይቆዩ» አለች ፈጠን ብላ። «እዚያ ላይ ሽቦ አለ፤ የማያውቀው ሰው ከነካው ይይዘዋል። እኔ ልውጣ። ረዲ፣ ቆጣሪውን አጥፋልኝ።»

ረዲ አጠፋው፤ ጩኸቱም ቆመ። ጠረጴዛ ላይ ሳጥን ደርባ ወጣች፤ አቡጀዲውን ገልጣ አንገቷን ወደ ላይ ሰደደች። ከአፍንጫዋ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት የሰው እግር አለ። ከእግሩ ወዲያ፣ አግዳሚው ላይ በተነጠፈ ሳንቃ፣ ሀብተጊዮርጊስ ተጋድሟል፤ እትዬ ምንትዋብ «አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ሄደልኝ» ሲሉለት የከረሙት ልጃቸው። በጣቶቹ መካከል ግማሽ ሲጋራ ይጨሳል። ሳሉ እንዳይሰማበት ዝናብ እየጠበቀ ሲያጨስ ኖሯል።

ተያዩ።

«ምን አገኘሽ?» አሉ ጓድ ታፋ ከታች።

ከልጁ አጠገብ የጣራውን ፍሳሽ የሚቀበል የዘይት ጣሳ ተቀምጧል፤ ውሃ ሞልቶታል። አሰገደች ደወሉን ከሽቦው ፈታች። የሕፃናት ማቆያውን አሰበች፤ ከዚያ ደወሉን ጣሳው ውስጥ እስኪጠግብ ነከረችው።

«ያው ነው ጓድ» አለች፤ ውሃው ጠብ ጠብ የሚለውን ዕቃ ቁልቁል እያቀበለች። «ዝናብ ገብቶበታል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መገጣጠሚያውን በደንብ አላሰርኩትም።»

ጓድ ታፋ ዕቃውን ሲገለብጡት ውሃው እጅጌያቸው ውስጥ ገባ። «ማሎ!» አሉ እጃቸውን እያራገፉ። «ይህንን ነው ሕፃናቱ ቤት ልትሰቅዪልኝ የነበረው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው እንፈልጋለን፣ ኢንታላ። አትቀየሚኝ።»

ጥበቃውን ይዘው ወጡ፤ ረዲም አንገቱን እየነቀነቀ ተከተላቸው። አሰገደች አልወረደችም። ራሷን መልሳ ኮርኒሱ ውስጥ ከተተች።

«ስማ አንተ ጅል። ከሥርህ ሕፃን ልጅ ይተኛል፤ አቡጀዲ ላይ ተንጋልለህ ክብሪት ትጭራለህ? ሁለተኛ ጭስ ቢሸተኝ ቀበሌ አይደለም የሚያወርድህ፣ እኔው በእግርህ እጎትትሃለሁ።»

«እሺ እታለም» አለ በሹክሹክታ።

እትዬ ምንትዋብ መሬት ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። «ሥራሽን አሳጣሁሽ፣ ልጄ።»

«እርስዎ ብቻ ሲጋራውን ይውሰዱበት» አለች አሰገደች።

ጆቴ ሲመለስ ነገረችው። በሳምንቱ ሀብተጊዮርጊስ በጆቴ መኪና ላይ፣ በባዶ ጆንያዎች ሥር ተኝቶ ጊዳ አያና፣ ከእናቱ ወንድም ዘንድ ደረሰ። የዚያን ዓመት በቆሎ ደግሞ እንኳን አንድ ጎረምሳ፣ ዝሆንም ይደብቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ የእትዬ ምንትዋብን አፍ የሚይዘው ጠፋ። ገበያ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ዕድር ላይ፣ «እንደ አሰገደች ያለ ሙያተኛ ወለጋ አላየም» ይላሉ። ለምን ሲባሉ አይናገሩም።

«ትናንት ዕቃዋን ሲረግሙ አልነበር?» ይላል ረዲ።

«ትናንት አላወቅሁም ነበር። ዛሬ አወቅሁ። አንተ ስኳርህን መዝን።»

በመጨረሻም ነጠላቸውን አጣፍተው ቀበሌ ሄዱ። «ጓድ ታፋ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለዝናብ እንዲያ የጮኸ ዕቃ ለእሳትማ ምን ሊሆን ነው? ፈሪ ዘበኛ ከእንቅልፋም ዘበኛ አይሻልም?»

ጓድ ታፋ ሳቁ። በአሰገደች ምትክ የያዙት ሠራተኛ ሽቦ ሳይዘረጋ ቀብድ በልቶ ጊምቢ ገብቷልና ከመሳቅ ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። «ትሥራው። ግን ዓይኔ እያየ ትፈትነዋለች።»

አሰገደች የማቆያውን ቤት ዘርግታ ጨረሰች፤ ከራሷ ቤት ያለውንም ደወል ፈትታ እዚያ ሰቀለች። በዛብሽ የምትውለው እዚያ ነው፤ ለቤታቸው ደግሞ ጣራው አንድ ስለሆነ የረዲው ይበቃል።

በፈተናው ቀን እትዬ ምንትዋብ ራሳቸው ከሰል አያያዙ፤ ፍሙ ላይ የደረቀ ሚጥሚጣ በተኑ። ደወሉ ቤቱን አናጋው። ጓድ ታፋ ከሁሉ ቀድመው ደጅ ወጡ፤ ዓይናቸው እያለቀሰ፣ እያስነጠሱ፣ «ይበቃል፣ ገብቶኛል፣ ሥራው የእሷ ነው!» ይላሉ።

«ኧረ ጓድ፣ ይመለሱ» አሉ እትዬ ምንትዋብ ከጭሱ ውስጥ። «ገና አንድ እፍኝ ሚጥሚጣ ተርፎናል።»