ለአዳራሻችን የተለመነ የጓሳ ሣር

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ሞላሌ አስተማሪ ሳለሁ የቴአትርና የዘፈን ማኅበር አቋቋምን። ከመምህራን ሌላ ጠላ የሚሸጡ አንዲት ወይዘሮ፣ አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊና አንድ መሰንቆ ተጫዋች ነበሩበት። ሊቀ መንበርነቱን ለእኔ ሰጡኝ። ሰው መምራትም ሆነ እርዳታ መለመን ምን እንደሆነ ገና አላውቅም ነበር።

የምንጫወተው በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው። ገበያተኛው ቆም ብሎ ያየናል፤ ብርዱ ሲጠናበት በርኖሱን ሰብስቦ ይሄዳል። አንድ ቀን የቴአትሩ ንጉሥ ሊሞት ሲያጣጥር በረዶ ወረደና ተመልካቹም ሟቹም አብረው ሮጡ። ያኔ አዳራሽ ለመሥራት ቆረጥን። ድንጋዩን ራሳችን ተሸክመን ግድግዳውን አቆምን፤ ጣራው ላይ ስንደርስ ግን አቅማችን አለቀ።

ይህን የሰሙ አንድ ባላባት አስጠሩኝ። ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። ከጎናቸው አስቀምጠው ጠጅ አስቀዱልኝ።

«ጣራውን እኔ ቆርቆሮ አለብሰዋለሁ» አሉ። «ያ አዝማሪ ግን ይውጣ። ልጆቼ ከእናንተ ጋር መጫወት ይፈልጋሉ፤ ከአዝማሪ ጎን ቆመው ማየት አልሻም።»

«ከሁላችን የሚበልጠው እሱ ነው፣ ጌታዬ።»

«ጠጅ ቤት ይጫወታ! ማን ከለከለው?»

እምቢ አላልኩም። «ከአባላቱ ጋር ልምከር» ብዬ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ ቆርቆሮው ነበር።

ማታውን አባላቱን ሰብስቤ ነገሩን እንዳለ ነገርኳቸው። መሰንቆ ተጫዋቹ የመሰንቆውን ክር እያጠበቀ ነበር። ቀና ሳይል፣ «እኔ ልቅርላችሁ፣ መምህር። ደጅ ቆሜ እሰማለሁ» አለ።

እኔ ዝም አልኩ፤ እንዲያውም ልቤ ቀለል አለው። ወይዘሮዋ ግን ተነሡ።

«ምነው ሊቀ መንበር፣ ዝም ትላለህ? ሰው የሚመጣው የእኔን ድምፅ ሊሰማ መሰለህ? እሱን አስወጥተን ለማን ነው የምንሠራው?»

«ጣራውስ?» አለ ጸሐፊው።

«ያገራችን ቤት በምን ይከደናል? ጓሳ ሊከፈት አይደል?»

ጓሳ ለዓመታት ተከልሎ የሚጠበቅ የደጋ ሣር ነው። ሽማግሌዎቹ ካልፈቀዱ ማጭድ አይገባበትም፤ ሲከፈትም ድርሻው የባለርስቶቹ ነው። እኛ ድርሻ አልነበረንም።

በማግስቱ ባላባቱ ዘንድ ሄጄ መሰንቆ ተጫዋቹን እንደማናስወጣ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «እንግዲያው እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው አሰናበቱኝ። ከዚያ እኔና መሰንቆ ተጫዋቹ በተዋስነው ፈረስ እየተፈራረቅን ወደ ጓሳ ወጣን።

ሽማግሌዎቹ ከነፋሱ ተከልለው ተቀምጠዋል። ስለ ጥበብና ስለ ሕዝብ ትምህርት ብዙ ተናገርኩ። ሲያዳምጡ የቆዩት ትልቁ ሽማግሌ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ቤቱ የቤተ ክርስቲያን ነው የመንግሥት?»

«የሁሉም ነው፣ አባቴ።»

«የሁሉም የሆነ ቤት ሲያፈስ ማን ያድሰዋል?»

መሰንቆ ተጫዋቹ ፈቃድ ሳይጠይቅ መሰንቆውን ከኮረቻው ፈታ፦

ጣራ የሌለው ቤት ግድግዳ ብቻ ነው፤
እንግዳ ሆናችሁ ስትመጡ ዝናቡ የሚመታው ማንን ነው?

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ትልቁ ሽማግሌ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ «በሉ ከየድርሻው አንዳንድ ሸክም ይውጣ» አሉ። ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። «እናንተም በየዓመቱ እዚህ ወጥታችሁ ተጫወቱልን። ከተማ ለሚኖረው ብቻ አይሁን።»

ቃል ገባሁ። ቃሌንም ጠበቅሁ፤ አንድ ዓመት ዘፋኞቹ ሁሉ ጉንፋን ይዟቸው ሲያስሉ ተጫውተናል።

አዳራሹ ተከደነ። ጠባብና ጨለማ ነበር፤ ግን ዝናብ አያስገባም። ባላባቱ አንድም ቀን አልመጡም። በሁለተኛው ዓመት ትንሿ ልጃቸው መጥታ በመሰንቆው ታጅባ ዘፈነች። አባቷ ይፈቅዱ አይፈቅዱ ማንም አልጠየቃትም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሌላ አገር ተዛወርኩና ሊቀ መንበርነቱን ለወይዘሮዋ አስረከብኩ። መኪናውን ስንጠብቅ ለመሰንቆ ተጫዋቹ፣ «ያን ቀን ልቅር ስትል ዝም ስላልኩ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«አውቄ ነበር፣ መምህር» አለኝ። «ፊትዎ ይናገር ነበር።»

ከዚያ ሻንጣዬን አንሥቶ መኪናው ላይ ጫነልኝ።